የስሜን መንገድ፦ ከደባርቅ እስከ ቧሂት



ዛሬ የምናገረው ስለ አንድ የጠጠር መንገድ ነው። ከደባርቅ ተነሥቶ በሳንቃበርና በጨነቅ በኩል ወደ ቧሂት የሚወጣው ይህ መንገድ የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ መግቢያ ነው። ጎብኚ ስለ ገደሉ፣ ስለ ጅብራውና ስለ ጭላዳው ያወራል፤ የተጓዘበት መንገድ ታሪክ እንዳለው የሚያስብ ግን ጥቂት ነው።

ፓርኩ በሕግ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1969 ነው። በጣሊያን ወረራ ዘመን የተሠራው የጎንደር መንገድ ደባርቅን አልፎ በሊማሊሞ ወደ ቆላው ይወርዳል እንጂ ወደ ተራሮቹ አይገባም። ስለዚህ ከደባርቅ ወደ ምሥራቅ የሚደረገው ጉዞ በዋናነት የበቅሎና የእግር ነበር። የመኪናው መንገድ የመጣው ኋላ ነው።

መንገዱ ፓርኩን መሰንጠቁ በቸልተኝነት ብቻ የሆነ አይመስለኝም። በሰሜን በኩል ደጋው በድንገት ተቆርጦ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ገደል ይሆናል፤ በደቡብ ደግሞ ጥልቅ ሸለቆዎች አሉ። ሸክም የያዘ ሰውም ሆነ መሐንዲስ ወርዶ እንደገና ከመውጣት ይልቅ ደጋውን ተከትሎ መሄድን ይመርጣል። ችግሩ ዋልያም የሚኖረው በዚያው ገደል፣ የሚግጠውም በገደሉ አፋፍ መሆኑ ነው። ፓርኩም ሲከለል ያንኑ አፋፍ የተከተለ ጠባብ መሬት ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው ስሜን በ1996 አደጋ ከተጋረጠባቸው ቅርሶች ዝርዝር ገባ። ከምክንያቶቹ መካከል የዋልያና የቀይ ቀበሮ ቁጥር መመናመን፣ የእርሻ መስፋፋት፣ እንዲሁም የመንገድ ሥራው ይገኙበታል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ተማሪ ሳለሁ በዚህ መንገድ የተጓዝሁት እህል በጫነ አይሱዙ ላይ ነበር። አጠገቤ የታመመ ልጇን ያቀፈች እናት ተቀምጣለች፤ ወደ ሐኪም መውረዷ ነው። ጨነቅ ላይ ዋልያዎች ከመንገዱ በላይ ቆመው ነበር፤ ሾፌሩ ጥሩምባውን ሲነፋ ሸሹ። እናትየዋ ቀና ብላም አላየቻቸው። ለጃናሞራና ለበየዳ ሰው መንገዱ የገበያና የሕክምና መንገድ ነው፤ መናፈሻ አይደለም። «ይዘጋ» የሚለውን ሐሳብ በሰማሁ ቁጥር የምትታወሰኝ እርሷ ናት።

የተመረጠው መፍትሔ መዝጋት አልነበረም፤ ዋናውን ትራፊክ ከፓርኩ የሚያርቅ አማራጭ መንገድ መሥራት ነበር። የፓርኩም ክልል ከ136 ወደ 412 ካሬ ኪሎ ሜትር ሰፋ። እ.ኤ.አ. በ2017 ፓርኩ ከአደጋው ዝርዝር ሲወጣ የዓለም ቅርስ ኮሚቴ ከመዘናቸው ጉዳዮች አንዱ ይኸው አማራጭ መንገድ ነበር። አማራጩ ግን የሚሠራው ሾፌሩ ሲመርጠው ነው። ከአሮጌው ይልቅ ካረዘመበት፣ ወይም በክረምት ጭቃ ከያዘው፣ አይሱዙው ተመልሶ በጨነቅ በኩል ይመጣል።