ከመጠየቅ በፊት መሰናዳት

«ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ይላል ያገራችን ሰው። ይህ ምክር ለቆሎ ተማሪ ብቻ የተነገረ አይደለም፤ መቅረጸ ድምፅ ይዞ ከጥበብ ሰው ፊት ለሚቀመጥ ወጣት ሁሉ የሚጠቅም ነው።

ዛሬ ፖድካስት የሚባለው፣ በኢንተርኔት የሚሠራጨው የድምፅ ዝግጅት፣ በተማሪዎችና በወጣት ሠራተኞች ዘንድ ተወዳጅ ሆኗል። የእጅ ስልክና አንዲት ትንሽ ማይክሮፎን ካሉ ሥራው ይጀመራል። መሣሪያው በቀላሉ መገኘቱ መልካም ነው። ይሁን እንጂ መሣሪያ መያዝና ለጥያቄ መሰናዳት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ይህንን ለመረዳት ጎንደርን መመልከት ይበቃል፤ ጎንደር የጥበብ ሰዎች ብቻ ሳትሆን፣ ጠያቂዎችም ከብዙ ዘመን ጀምሮ የተመላለሱባት ከተማ ናትና።

በ1924 ዓ.ም. ክረምት በማርሴል ግሪዮል የሚመራ የፈረንሳዮች የጥናት ቡድን ከዳካር ተነሥቶ አፍሪካን አቋርጦ ጎንደር ገባ፤ አምስት ወር ያህልም ተቀመጠ። የቡድኑ ጸሐፊ ሚሼል ሌሪስ ባለዛር ከነበሩት ከወይዘሮ መልካም አያሁ ቤት እየተመላለሰ ዘፈኑንና ሥርዓቱን ይመዘግብ ነበር። ነገር ግን አማርኛ ስለማያውቅ፣ ብቻውን ቢሆን ኖሮ ሰምቶ እንዳልሰማ በሆነ ነበር። ሥራውን ያቃናለት አባ ጀሮም ገብረ ሙሴ ናቸው። እርሳቸው የተባለውን በአማርኛ ይጽፉና ይተረጉሙለት ነበር። ሌሪስ የዕለት ማስታወሻውን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1934 ቢያሳትምም፣ የጎንደርን ዛር ከቲያትር ጋር እያስተያየ የመረመረበት መጽሐፍ የወጣው በ1958 ነው። አምስት ወር የሰማውን ለማብላላት 26 ዓመት አለፈ ማለት ነው። ታዲያ በአንድ ሰዓት ጨዋታ ሁሉን አውቃለሁ ብሎ የሚነሣ ወጣት ምን ይባላል?

የዚያው ቡድን ታሪክ ሌላም ትምህርት አለው። ቡድኑ በጎንደር የአባ እንጦንስን ቤተ ክርስቲያን የግድግዳ ሥዕሎች አንሥቶ፣ በምትካቸው የራሱ ሠዓሊ የሠራቸውን ቅጂዎች አኖረ። ዋናዎቹ ዛሬ በፓሪስ በኬ ብራንሊ ሙዚየም ይገኛሉ። ሥዕል እንዲህ ከባለቤቱ እጅ ከወጣ፣ ክብደት የሌለው ድምፅማ እንዴት ይቀልል! ደባት ላይ የተቀዳ ዋሽንት በማግስቱ ዓለምን ሊዞር ይችላል። የነፊው ስም ካልተከተለው ግን ባለቤት የሌለው ዕቃ ሆነ ማለት ነው። ስለሆነም የጠያቂ የመጀመሪያ ዝግጅት «ምን ልወስድ ነው? ምንስ ትቼ ልሄድ ነው?» ብሎ ራሱን መጠየቅ ነው።

አሁን ወደ አዝማሪው ቤት እንግባ። አዝማሪ ራሱ የጥያቄ ሊቅ መሆኑን ብዙዎች አያስተውሉም። እንግዳ ሲገባ አለባበሱን ያያል፤ አብሮት የመጣውን ይመረምራል፤ ስሙንና አገሩን በጨዋታ መካከል ያወጣል፤ ከዚያ በኋላ ነው የሚገጥምለት። እንግዳውም «ተቀበል!» ብሎ ግጥም ሲወረውርለት ሳያዛንፍ ይቀበላል። እንግዲህ ከእንዲህ ያለ ሰው ፊት የሚቀመጥ ጋዜጠኛ ሳይሰናዳ ቢቀርብ፣ የሚመረመረው እርሱ ራሱ ነው።

ስለዚህ አስቀድሞ አንድ ምሽት ያለ መቅረጫ፣ እንደ ማንኛውም እንግዳ ሄዶ ማዳመጥ ይገባል። ቀጥሎ የሙያውን ዕቃ ማወቅ ነው። የማሲንቆ አውታር አንድ ብቻ መሆኑን፣ እርሱም ከፈረስ ጭራ እንደሚሠራ፣ ገላውም ቆዳ የተወጠረበት እንጨት መሆኑን የሚያውቅ ሰው ጥያቄው ይለያል። «ሙዚቃ ለእርስዎ ምንድን ነው?» የሚል ጥያቄ መልሱም እንደራሱ ባዶ ነው። «መጀመሪያ የያዙት ማሲንቆ የማን ነበር? ቅኝቱንስ ማን አሳየዎ?» ቢባል ግን አባት፣ አጎት፣ መንደርና መንገድ ተከታትለው ይመጣሉ።

ሰምና ወርቁንም በችኮላ መፈልቀቅ አይገባም። የተነካው ሰው እዚያው ተቀምጦ ሳለ «ወርቁን ይንገሩን» ማለት አዝማሪውን ማጣላት ነው። አዝማሪዎች እርስ በርሳቸው የሚግባቡበት የሙያ ቋንቋም አላቸው። በጎንደር አዝማሪዎች ላይ ረጅም ጥናት ያደረገው ጃፓናዊው ኢትሱሺ ካዋሴ የዚህን ዓይነት ነገር ሊያውቅ የቻለው አማርኛ ተምሮ፣ ደጋግሞ እየተመላለሰ አብሯቸው በመቀመጡ ነው።

ወደ ደብር ሲኬድ ደግሞ ሌላ ዝግጅት ያስፈልጋል። ጎንደር በአታ የታወቀ የአቋቋም ትምህርት ቤት ነው። መምህሩን «የኔታ» ብሎ መጥራት፣ ከደብሩ አለቃ ፈቃድ መቀበል፣ የጾምና የበዓል ቀን ለይቶ ማወቅ ይገባል። ማኅሌቱን «ዘፈን»፣ ሽብሸባውን «ጭፈራ» ያለ ጠያቂ ከዚያ በኋላ የሚያገኘው መልስ አጭር ነው።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን የሰው ክብር ነው። ባለሙያን መናቅ ያገራችን የቆየ በሽታ መሆኑን ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለእጅን የሚሰድብ እንዲቀጣ ያወጁት ዐዋጅ ይመሰክራል። «አዝማሪ» የሚለውን ስም ዛሬም እንደ ስድብ የሚወረውር አለ። በማለዳ በየደጁ እያዜሙ የሚመርቁ ላሊበሎችም ሙያቸውን ከጎረቤት የሚሰውሩበት ጊዜ አለ። ስለዚህ ስሜ ይነገርልኝ የሚለውን በሙሉ ስሙና በሚወደው መጠሪያ መጥራት፣ ስሜ ይቅር የሚለውንም መሰወር ግዴታ ነው።

ገንዘብንም አስቀድሞ መነጋገር ነውር አይደለም። ምሽት የአዝማሪ የሥራ ሰዓቱ ነው፤ ምሽቱን የወሰደ እንጀራውን ወሰደ። ሕጉም ከባለሙያው ጋር ነው፤ የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ ዐዋጅ ቁጥር 410/1996 ከዋኝ ሥራው ሲቀረጽና ሲባዛ መብት እንዳለው ደንግጓል። በየቢሮው ያላችሁ ወጣት ሠራተኞች ይህንን ለማያውቁት ብታስረዱ ታላቅ ውለታ ነው።

እንግዲህ ወጣቶች ሆይ፣ ጎንደርም ሆነ ደባርቅ ሽማግሌዎቹ ገና አሉ፤ ጊዜ ግን ማንንም አይጠብቅም። ሂዱ፣ ጠይቁ፣ ቅረጹ። ሥራውም ሲያልቅ መጀመሪያ የሚሰማው ባለቤቱ ይሁን፤ ቅጂውንም ለልጆቹ ተዉላቸው።