አልጋው የማን ሐቅ ነው?

ከየጁቤ ሪፈር አጽፈን፣ ሕመምተኛችንን ይዘን ደብረ ማርቆስ እንደርሳለን። «የጽኑ ሕሙማን ክፍሉ ሞልቷል» እንባላለን። ያኔ እጃችን ወደ ስልክ ይሄዳል፤ «ዶክተሩን የሚያውቅ ማን አለ?»

እኛም ደውለናል። አንድ ጊዜ ለዘመዳችን ሰው አስለምነን አልጋ ተገኘ፤ «አልሐምዱሊላህ» ብለን ወደ ቤታችን ገባን። ተራውን ማን እንዳጣ ያሰብነው ከቀናት በኋላ ነው።

ክፍሉ ለምን ይሞላል? ጉዳዩ የአልጋ ብቻ ቢሆን ኖሮ አንድ መጨመር ቀላል ነበር። የመተንፈሻ ማሽን፣ የማይቋረጥ ኦክስጅንና መብራት፣ ቀንና ሌሊት ከአጠገቡ የማይርቅ የሠለጠነ ነርስ ይፈልጋል። በ2013 ዓ.ም. ኮሮና ሲባባስ በአዲስ አበባ ሳይቀር ክፍሎቹ ሞልተው፣ ኦክስጅን አጥሮ ነበር።

ሐኪሞች ሲመርጡ «ማን ይበልጥ ታሟል?» ብቻ አይሉም፤ «ማሽኑ ማንን ያድናል?» ብለውም ይመረምራሉ። በወሊድ ደም ፈስሷት ራሷን የሳተች እናት በጥቂት ቀናት ድጋፍ ልትድን ትችላለች። በተራው ክፍል ኦክስጅን የሚበቃው ሰው ይጠብቃል። ተስፋው የተሟጠጠውም ቢሆን አይጣልም፤ ሥቃዩን ማስታገስ ሐቁ ነው። ሀብት፣ ዘርና ሹመት እዚህ ቦታ የላቸውም። «ሙስሊም ነውና ይቅደም» የሚልም ተሳስቷል። ሁለቱ በሁሉም እኩል ቢሆኑስ? በእኛ እይታ ቀድሞ የመጣው ይቀድማል፤ አብረው ከመጡ ዕጣ አለ። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) ለጉዞ ሲነሱ በባለቤቶቻቸው መካከል ዕጣ ያወጡ ነበር።

ታዲያ ሸፋዓ ክልክል ነው? አይደለም። ሱረቱ ኒሳእ መልካሙን ሸፋዓ ከመጥፎው ይለያል። የተዘነጋን ሕመምተኛ «እባካችሁ እዩት» ማለት መልካሙ ነው። የሌላውን ተራ ነጥቆ ለራስ ማድረግ ግን ዙልም ነው።

ማሽን ስለማንሳትም ብዙ እንጠየቃለን። ዓለም አቀፉ የኢስላም ፊቅህ አካዳሚ በ1986 እ.ኤ.አ. ዐማን ላይ ወስኗል፤ የአንጎል ሥራ ፈጽሞ መቆሙንና እንደማይመለስ ባለሙያ ሐኪሞች ካረጋገጡ፣ ልብ በማሽኑ ኃይል ቢመታም እንኳ ማሽኑን ማንሳት ይቻላል። ይህ ሲነገረን «ገደላችሁብን» ብለን በሐኪሙ ላይ አንጩህ። ተስፋ ያለውን ነቅሎ ለሌላ መስጠት ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ እኛ አንደፍርበትም።

ቦታ የለም ስንባል የምንጠይቀው አለን። ተራ ተይዞልናል? እስኪደርሰን ምን ይደረግለታል? ወደ ባሕር ዳር ቢላክስ መንገዱን ይችለዋል?