ጋቢ ኤሊን አያሞቃትም

ከይርጋጨፌ ከተማ ብዙም የማይርቀው ኢዲዶ ስሙ ከቡና ጋር ይነሳል። ከፍታው፣ የዛፉ ጥላና ቀዝቀዝ ያለው ሌሊቱ ፍሬው ቀስ ብሎ እንዲበስል ያደርጋሉ፤ የቡናው ጣዕምም ከዚሁ ይመጣል። ቡናና እንሰት በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር አብረው የሚያድጉበት የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር መስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ለቡና የተመቸው ይህ አየር ግን ለቆላ ኤሊ አይመችም።

በደቡብ ኢትዮጵያ የምናውቃት የየብስ ኤሊ ቅርፊቷ እንደ ነብር ቆዳ ዥንጉርጉር የሆነችው ናት። አገሯ ሞቃትና ደረቅ ነው፦ ቦረና፣ ደቡብ ኦሞ፣ የስምጥ ሸለቆው ቁጥቋጦ። ከሞያሌ ተነስቶ በያቤሎና በቡሌ ሆራ አድርጎ ወደ ይርጋጨፌና ዲላ የሚወጣው አስፋልት ከዚያ ሙቀት ወደዚህ ጭጋግ በአንድ ቀን ያደርሳል። ለልጆች መጫወቻ ተብላ በመኪና የመጣች ኤሊ፣ ለሰውነቷ እንግዳ የሆነ ሌሊት የሚጠብቃት እዚህ ነው። ስትታመም የሚደርስባት ጉዳት ደግሞ በአብዛኛው ከጭካኔ የሚመጣ አይደለም። እንደ ሰው ልናስታምማት ስለምንሞክር ነው።

«ድንጋይ ለብሳ ብርድ ምን ያደርጋታል?»

ቅርፊቷ ድንጋይ አይደለም፤ ከጎድን አጥንቷና ከጀርባ አጥንቷ ጋር የተዋሃደ፣ ደምና ነርቭ ያለው ሕያው አካል ነው። ሙቀት አይሰጣትም፣ ብርድም አይከለክልላትም። ኤሊ እንደ እኛ ገላዋን የሚያሞቅ ሙቀት ከውስጧ አታመነጭም፤ ከፀሐይ፣ ከአፈርና ከሞቀ ድንጋይ ትቀበላለች። ስለዚህ ጋቢ አይረዳትም። ጋቢ እኛን የሚያሞቀን የራሳችንን ሙቀት ስለሚይዝልን ነው። የበረደችን ኤሊ በጋቢ መጠቅለል ቅዝቃዜዋን አብሮ መጠቅለል ነው።

ዥንጉርጉሯ ኤሊ ቀን ቀን ከ27 እስከ 32 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለ ሙቀት ደህና ትሆናለች። ከዚያ እየወረደ ሲሄድ ልቧ ይዘገያል፣ ሆዷ መፍጨት ያቆማል፣ በሽታ የሚከላከለው የሰውነቷ ክፍልም ይደክማል። ሳንባዋ የሚታመመው በዚህ ጊዜ ነው፤ ብርዱ በር ይከፍታል፣ ተህዋሲያኑ ይገባሉ።

«ተኝታ ነው፤ ብርዱ ሲያልፍ ትነቃለች»

ይህ እምነት ከፊሉ እውነት ስለሆነ የበለጠ አደገኛ ነው። በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ የሚኖሩ አንዳንድ ኤሊዎች ቀዝቃዛውን ወቅት ተኝተው ያሳልፋሉ። የእኛዋ ግን እንዲህ አልተፈጠረችም። ማለዳ እግሯ ዝሎ፣ ዓይኗ ተከድኖ፣ አንገቷን ሳትሰበስብ የተገኘች ኤሊ አልተኛችም፤ ሰውነቷ ሥራ እያቆመ ነው። በሌላ በኩል፣ በጣም የበረደች ኤሊ የሞተች ትመስላለችና ቀኑን ሙሉ ሳትሞቅ ሞታለች ብሎ መቅበር አይገባም።

«እሳት ዳር አስቀምጧት»

ብዙ ኤሊዎች የሚጎዱት እዚህ ላይ ስለሆነ ነገሩን ዘርዘር ላድርገው። የከሰል ምድጃ ሦስት ነገር ያደርጋታል። ጭሱና ሽታ የሌለው መርዛማ ጋዙ የታመመ ሳንባዋን ይጨርሳል (በተዘጋ ቤት ለሰውም ያው ነው)። በአንድ ጎን የሚነድ ሙቀት፣ ሸሽታ መሄድ የማትችለውን እንስሳ ያቃጥላል። ድንገተኛ ሙቀት ደግሞ ደክሞ የቆየ ልብ የማይችለውን ሥራ ይጭንበታል። የፈላ ውሃ ውስጥ መንከርም ከዚህ አይለይም።

መሞቅ ያለባት በሰዓታት ውስጥ፣ ቀስ በቀስ ነው። ትልቅ ካርቶን ይፈለግ፤ ታቹ ጋዜጣ ወይም ደረቅ ጨርቅ ይነጠፍ። ሁለት ሃይላንድ ሙቅ ውሃ ተሞልቶ፣ በፎጣ ተጠቅልሎ በካርቶኑ አንድ ጎን ይቀመጥ፤ ሌላው ጎን ባዶ ይተው፣ ከሞቃት እንድትሸሽ። ውሃው ሲቀዘቅዝ ይቀየር። መብራት ካለ የድሮው ዓይነት፣ ሲነኩት የሚያቃጥለው አምፖል ከላይ ራቅ ብሎ ይሰቀል፤ ቆጣቢ አምፖል ብርሃን እንጂ ሙቀት ስለማይሰጥ አይጠቅምም። ትንሽ ቴርሞሜትር በካርቶኑ ውስጥ ማስቀመጥ ከግምት ያድናል። ዒላማው ከ28 እስከ 30 ዲግሪ ነው፤ ሳንባዋ ከታመመ ሌሊትም ከዚያ መውረድ የለበትም። ቀን ሞቅ አድርጎ ማታ ወደ ወለል መመለስ ያገገመችውን መልሶ ይጥላል።

ከጠዋቱ 3 ሰዓት በኋላ ፀሐይ ከወጣች፣ ጥላ ባለበት ግቢ ውጪ ማዋል ከማንኛውም አምፖል ይበልጣል። በመስታወት በኩል የገባ ፀሐይ ግን ለአጥንቷ የሚያስፈልገውን አልትራቫዮሌት ጨረር አስቀርቶ ነው የሚገባው።

«ጉንፋን ነው፤ ያልፋል»

ሰው ጉንፋን ሲይዘው ያስላል፣ ያስነጥሳል፣ አክታውን ይተፋል። ኤሊ እንደ እኛ ሳንባን ከሆድ የሚለይ፣ ጨምቆ የሚያስወጣ የመተንፈሻ ጡንቻ የላትም፤ ስለዚህ አስላ አክታ ማውጣት አትችልም። ሳንባዋ ከቅርፊቷ ጣሪያ ሥር ተለጥፎ ነው ያለው። የሚያንቀሳቅሱት በእግሮቿ ሥርና በሆዷ ያሉ ጡንቻዎች ናቸው። ዝም ብሎ ላያት ይህ ይታያል፦ አንገቷና የፊት እግሯ በሚገናኙበት ለስላሳ ቆዳ ላይ ትንፋሿ ገባ ወጣ ሲል። የሚጠራቀመው መግል ወፍራም፣ አይብ የመሰለ ስለሆነ ተመልሶ አይወጣም። ለዚህ ነው የሰው ጉንፋን በሳምንት ሲያልፍ የኤሊ የሳንባ ምች ቀስ እያለ የሚገድለው።

ስንነካት አንገቷን ስትሰበስብ የሚሰማው «ሽሽ» የሚል ድምፅ በሽታ አይደለም፤ አንገቷ ሲገባ ከሳንባዋ የተገፋው አየር ነው። የሚያሳስበው ሌላ ነው፦ በአፍንጫ ቀዳዳ የሚፈላ አረፋ ወይም ንፍጥ፣ ያበጠ ዓይን፣ ሳትነካ የሚሰማ ፉጨት። አንገቷን ወደ ላይ ዘርግታ፣ አፏን ከፍታ የምትተነፍስ ከሆነ ግን ነገ ብሎ ማቆየት የለም፤ በዚያው ቀን ሐኪም ጋ መድረስ አለባት። የባሕር ዛፍ እንፋሎት ማጠን፣ ቪክስ መቀባት፣ ዝንጅብል ማጠጣት ለእሷ ማነቆ ነው።

«ካልበላች አትድንም»

ቀዝቃዛ ሆድ አይፈጭም። በግድ የተጎረሰ እንጀራ ወይም ሙዝ ውስጧ ይበሰብሳል፤ ወተትማ በጭራሽ ለኤሊ አይሰጥም። መጀመሪያ ሙቀት፣ ቀጥሎ ውሃ፣ መጨረሻ ምግብ። ከሞቀች በኋላ ለብ ባለ ውሃ በሳፋ፣ ውሃው ከአገጯ ሳያልፍ፣ ለ15 ወይም ለ20 ደቂቃ ማቆየት ነው፤ ትጠጣለች። ደካማ ኤሊ ጥልቅ ባልሆነ ውሃም ልትሰምጥ ስለምትችል ከአጠገቧ አይራቁ። ከዚያ አድርቆ ወደ ካርቶኑ መመለስ። ራሷ ሣርና ቅጠላ ቅጠል ስትፈልግ ትበላለች።

«የከብት መድኃኒት ለእሷም ይሆናል»

አይሆንም። አይቨርሜክቲን ለከብት፣ ለበግና ለፍየል ጥገኛ ተውሳክ በየቦታው የሚሰጥ መድኃኒት ነው። ኤሊን ግን ሽባ ያደርጋታል፤ መተንፈስ ተስኗት ትሞታለች። በ1983 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት ከተሞከረባቸው ኤሊዎች ለዚህ መድኃኒት ይበልጥ ስስ ሆና የተገኘችው ይህችው ዥንጉርጉር ኤሊ ነበረች። መርፌ ከመወጋቷ በፊት የመድኃኒቱን ስም መጠየቅ ነውር አይደለም። ከልጅ የተረፈ አሞክሳሲሊንም አይረዳትም። የሳንባ ምች መድኃኒቷ በክብደቷ ተለክቶ፣ እንደ ሰው በየ8 ሰዓቱ ሳይሆን ቀናት እየተራራቀ፣ ብዙ ጊዜ በፊት እግሯ በኩል በመርፌ ይሰጣል። የሚሠራውም ስትሞቅ ነው፤ እንደበረደች ከሆነ አይሠራም። ስለዚህ ወደ ሐኪም ስትሄድ ካርቶኗና ሃይላንዶቿ አብረው ይሂዱ። ከዲላ ሲነሱ በአቅራቢያ የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ክፍል ያለው ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ነው።

«ካልተሻላት ጫካ መልቀቅ ነው»

በደግነት የሚደረገው ትልቁ ስህተት ይህ ይመስለኛል። የጌዴኦ ደን አገሯ አይደለም፤ ቆላ ወስዶ መልቀቅም በሽታዋን ለዱሮቹ ማድረስ ነው። የመተንፈሻ አካል በሽታ የሚያመጣው ማይኮፕላዝማ የሚባል ተህዋሲ ከኤሊ ወደ ኤሊ ይተላለፋል። በአሜሪካ የሞሃቪ በረሃ ኤሊዎች በዚሁ በሽታ ተጎድተዋል፤ ከቤት የተለቀቁ ኤሊዎች ለመዛመቱ ምክንያት ሆነዋል ተብሎ ይታመናል። ዝርያው በ1990 እ.ኤ.አ. ለአደጋ ከተጋለጡት ተርታ ሲመዘገብ ከተጠቀሱት ስጋቶች አንዱ ይህ በሽታ ነበር።

በአገራችን ሕግ ኤሊ የዱር እንስሳ ናት፤ ያለ ፈቃድ ከዱር ማምጣትም ሆነ ማሳደር አይፈቀድም። አሁን በእጅ ያለችውን የሚመለከተው የኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ነው። በሆለታ አቅራቢያ ያለው የቦርን ፍሪ ድርጅት «እንስሳ ኮቴ» ማዕከል ከሰው እጅ የተረፉ የዱር እንስሳትን ይቀበላል። ለባለሥልጣኑ እስክትደርስ፣ ሌላ ኤሊ ካለ ለይቶ፣ ካርቶኗን ሌሊቱን ሙሉ አሙቆ ማቆየት የያዛት ሰው ሥራ ነው።