የጓዳ ሻጋታና የማይታየው ውሃ

ጅማንና ኢሉባቦርን በመሳሰሉ የዝናብ ወቅታቸው ረጅም በሆነ አካባቢዎች፣ ጓዳ የገባ ዕቃ ሳይሻግት ክረምቱን ማለፉ ብርቅ ነው። ከግድግዳ የተጠጋ የበቆሎ ጆንያ፣ ሣጥን ውስጥ የተቀመጠ ጋቢ፣ የቆዳ ጫማና መጽሐፍ ሁሉ አረንጓዴ ወይም ግራጫ ብናኝ ይለብሳሉ። ብዙ ሰው ጣሪያው እስካላፈሰሰ ድረስ ሻጋታ ሊኖር አይገባም ብሎ ያስባል። ይሁን እንጂ ሻጋታ የሚታይ ውሃ አያስፈልገውም፤ በዙሪያው ያለው አየር ወደ ሙሌት መቅረቡ ይበቃዋል።

ነገሩን በቁጥር እንመልከተው። አንድ ሜትር ኩብ አየር በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ቢበዛ 17.3 ግራም ያህል የውሃ ተን ሊይዝ ይችላል፤ በ15 ዲግሪ ግን 12.8 ግራም ያህል ብቻ። አየሩ የያዘው ተን በዚያው ሙቀት ሊይዝ ከሚችለው ጋር ሲነጻጸር የሚገኘው መቶኛ አንጻራዊ እርጥበት ይባላል። የጓዳችን አየር 20 ዲግሪ ሙቀትና 70 በመቶ አንጻራዊ እርጥበት ካለው፣ በሜትር ኩብ 12.1 ግራም ተን ይዟል ማለት ነው። ይኸው አየር 15 ዲግሪ በሆነ ግድግዳ አጠገብ ሲቀዘቅዝ፣ 12.1ን ለ12.8 ስናካፍል እርጥበቱ ወደ 95 በመቶ ማሻቀቡን እናገኛለን። ጤዛ አልወረደም፤ ግድግዳውም ሲዳሰስ ደረቅ ይመስላል። ሆኖም በአንድ ገጽ ላይ ከ80 በመቶ በላይ እርጥበት ለቀናት ከቆየ፣ በአየር ውስጥ ዘወትር የሚንሳፈፉት የሻጋታ ስፖሮች ይበቅላሉ። ሻጋታ ከጆንያው ጀርባና ከማዕዘኑ የሚጀምረውም ስለዚህ ነው።

ጉዳዩ ከመጥፎ ሽታ ያለፈ ነው። አስፐርጂለስ ፍላቨስ የተባለው ሻጋታ በበቆሎና በለውዝ ላይ አፍላቶክሲን የሚባል ጉበትን የሚጎዳ መርዝ ያመነጫል። እ.ኤ.አ. በ2004 በምሥራቅ ኬንያ በደረሰው መመረዝ 317 ሰዎች ታመው 125ቱ ሞተዋል፤ ምክንያቱም በእርጥበት የተከማቸ የቤት በቆሎ ነበር። መርዙ በተራ ማብሰል አይጠፋም። የሻገተ እህል ለላም ቢሰጥም ወደ ወተቷ ይተላለፋል። በመሆኑም የሻገተውን አራግፎ መፍጨት መፍትሔ አይሆንም።

እንግዲህ መከላከያው ምንድን ነው? አስቀድሞ እህሉን በሚገባ ማድረቅ ነው። ለዘለቄታ የሚቀመጥ በቆሎ የውሃ መጠኑ 13 በመቶ ወይም ከዚያ በታች ሊሆን ይገባል። መለኪያ መሣሪያ ለሌለው ቤት ጨው ያገለግላል። ጨው አንጻራዊ እርጥበቱ 75 በመቶ ገደማ ሲደርስ ከአየር ውሃ ስቦ መርጠብ ይጀምራል። በደረቅ ጠርሙስ ውስጥ በቆሎና ጥቂት ደረቅ ጨው ጨምረን ለአንድ ደቂቃ እንነቅንቅና ለ15 ደቂቃ እናስቀምጠው። ጨው ከጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ከተጣበቀ የበቆሎው ውሃ ከ15 በመቶ ገደማ በላይ ነውና ተመልሶ ፀሐይ ላይ ይሰጣ። ካልተጣበቀም ትልቁን አደጋ አለፈ ማለት እንጂ 13 በመቶ ደረሰ ማለት አይደለም፤ ማድረቁ ይቀጥል።

ቀጥሎ ጆንያውን በእንጨት ርብራብ ላይ ማሳረፍ፣ ከግድግዳውም ማራቅ ያስፈልጋል፤ አየር እንዲዘዋወር። ልብስ ሳይደርቅ ሣጥን አይግባ። ዝናብ ነው ብሎ መስኮት መዝጋትም ሁልጊዜ ትክክል አይደለም። በ12 ዲግሪ የተሞላ የውጭ አየር እንኳ የያዘው ተን 10.7 ግራም ያህል ነው፤ ገብቶ 20 ዲግሪ ሲሞቅ እርጥበቱ ወደ 62 በመቶ ይወርዳል። በተቃራኒው ሞቃትና እርጥብ የቀትር አየር ወደ ቀዝቃዛ ጓዳ ሲገባ ተኑን እዚያው ይተዋል። ስለዚህ መስኮት ከመክፈታችን በፊት ልንጠይቅ የሚገባን ውጭው ይዘንባል ወይ ብለን ሳይሆን፣ የትኛው አየር የበለጠ ተን ይዟል ብለን ነው።