አንድ ቀን በታይ ተራራ ደረጃዎች ላይ

በቻይና አገር ከጥንት ዘመን ጀምሮ የሚከበሩ አምስት ታላላቅ ተራሮች አሉ። ከእነርሱም መካከል በክብር የመጀመሪያው፣ በምሥራቅ በኩል በሻንዶንግ ክፍለ ሀገር የሚገኘው የታይ ተራራ ነው። ቻይናውያን «ታይ ሻን» ይሉታል፤ «ሻን» ማለት ተራራ ማለት ነው። ፀሐይ በምትወጣበት አቅጣጫ የቆመ በመሆኑ የሕይወት መጀመሪያ ምሳሌ ሆኖ ሲቆጠር ኖሯል። የቻይናን ግዛቶች አንድ ያደረገው የመጀመሪያው ንጉሠ ነገሥት ቺን ሺ ኋንግ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ219 ዓመት ወደዚህ ተራራ ወጥቶ ለሰማይ መሥዋዕት አቅርቧል፤ ከእርሱም በኋላ ሌሎች ነገሥታት ይህንኑ ሥርዓት ፈጽመዋል። የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ1987 ተራራውን በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል።

አንባቢዎቻችን ይህን ያህል ክብር ያለው ተራራ እጅግ ከፍ ያለ ይመስላቸው ይሆናል። ነገር ግን ቁመቱ ከባሕር ወለል በላይ 1,530 ሜትር ያህል ብቻ ነው። አዲስ አበባ ራሷ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናትና፣ ከሸዋ ደጋ የሄደ ሰው ይህን ሲሰማ ፈገግ ማለቱ አይቀርም። ዳሩ ግን የታይ ተራራ ከዝቅተኛ ሜዳ ላይ ብድግ ብሎ የቆመ ስለ ሆነ፣ አቀበቱ ሁሉ በአንድ ጊዜ በሰው ፊት ይደቀናል። ከግርጌው እስከ ጫፉ ያለው መንገድ 9 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ ከ6,000 የሚበልጡ የድንጋይ ደረጃዎች አሉት።

ይህን ተራራ ለማየት የሄድነው አምስት ሆነን ነው፤ እኛ ባልና ሚስት፣ የ13 ዓመት ወንድ ልጃችን፣ የ9 ዓመት ሴት ልጃችን፣ እንዲሁም የ68 ዓመት ዕድሜ ያላቸው እናታችን። ለሥራ በቤይጂንግ ተቀምጠን ሳለ፣ እናታችን የልጅ ልጆቻቸውን ሊያዩ ከአገር ቤት መጥተው ሁለት ወር ከርመው ነበር። ለመመለስም አንድ ሳምንት ብቻ ቀርቷቸው ነበር። በእነዚህ ሁለት ወራት ውስጥ አንድ ነገር ልባችንን ሲከብደው ቆይቷል። ወንዱ ልጃችን ያደገው በውጭ አገር ስለ ሆነ፣ አማርኛ ሲናገሩት ይሰማል እንጂ አፉን ሞልቶ አይናገርም። አያቱ ሲጠሩት «አቤት» ይላል፤ ሲያዙት «እሺ» ይላል፤ ከዚያ በኋላ ዝም ነው። አንድ ማታም እናታችን፣ «እኔ ስሄድ ይህ ልጅ በምን ያስታውሰኛል?» ሲሉ ጠየቁን። እኛም የምንመልሰው አልነበረንም።

የጉዞውን ሐሳብ ያመጣችው ትንሿ ልጃችን ናት። በቻይና የ5 ዩዋን ኖት ጀርባ ላይ የታይ ተራራ ሥዕል ታትሟል። ልጅቷ ከሱቅ በመልስ ያገኘችውን ኖት ለአያቷ እያሳየች፣ «እማማ፣ ይህን ተራራ እንውጣው» አለቻቸው። እናታችንም ኖቱን ወደ ዓይናቸው አቅርበው ካዩ በኋላ፣ «መንገድ ካለው ምን ቸገረን» ሲሉ መለሱላት።

እ.ኤ.አ. በ2011 የተከፈተው የቤይጂንግና የሻንግሃይ ፈጣን ባቡር፣ በተራራው ግርጌ በምትገኘው በታይአን ከተማ በኩል ያልፋል። ከቤይጂንግ እስከ ታይአን ያለው ርቀት 460 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆንም፣ ባቡሩ በ2 ሰዓት ገደማ ያደርሳል። እኛም በአገራችን የሰዓት አቆጣጠር ከጧቱ በ1 ሰዓት ተነሥተን በ3 ሰዓት ታይአን ደረስን። የመመለሻው ትኬት የተቆረጠው ለምሽቱ 1 ሰዓት ከ30 ነበርና፣ የቀኑ ሥራ ሁሉ በዚህ ልክ መመጠን ነበረበት።

ተራራውን ከሥሩ ጀምሮ በእግር ለመውጣት ለሚሻ ሰው መንገዱ የሚነሣው «ቀይ በር» ከሚባለው ስፍራ ነው። በአቅራቢያውም ኮንፊውሽየስ መውጣት የጀመረበት ነው በሚባለው ቦታ ላይ ከድንጋይ የታነጸ የመታሰቢያ በር ቆሟል። እኛ ግን የእናታችንን ጉልበት ለመቆጠብ ስንል የታችኛውን እኩሌታ በአውቶቡስ ወጣን። አውቶቡሱም «የሰማይ መካከለኛ በር» በተባለውና 850 ሜትር ያህል ከፍታ ባለው ስፍራ አወረደን።

ከዚህ ስፍራ ወደ ላይ ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው እ.ኤ.አ. በ1983 ሥራ የጀመረውና በብረት ገመድ ላይ ተንጠልጥሎ የሚሄደው ሠረገላ ነው፤ በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ሰውን ወደ ላይ ያደርሳል። ሁለተኛው የእግር ደረጃ ነው። እዚህ ላይ በመካከላችን የሐሳብ ልዩነት ተነሣ። ከእኛ አንዳችን፣ እናታችን ከትንሿ ልጅ ጋር በሠረገላ ይውጡ፣ የቀረነው በእግር እንውጣ አልን። ሌላችን ደግሞ፣ አንድ ላይ ለመዋል መጥተን ስለ ምን እንለያያለን አልን። እናታችን ይህን ሁሉ ሰምተው በእጃቸው አንዲት ቻይናዊት ባልቴት አመለከቱን። ባልቴቷ ዕድሜያቸው ከእናታችን የሚበልጥ ይመስል ነበር፤ ምርኩዝ ይዘው ከልጅ ልጃቸው ጋር ደረጃውን ጀምረዋል። እናታችንም፣ «እርሳቸው የወጡትን እኔ ምን ሆኜ እቀራለሁ?» አሉ።

ስለዚህ አንድ ስምምነት አደረግን። እስከ ቀኑ 6 ሰዓት ድረስ ወደ ትልቁ አቀበት መነሻ ከደረስን እንቀጥላለን፤ ካልደረስን ግን ማንም ቅር ሳይለው ሁላችንም ተመልሰን በሠረገላው እንወጣለን። ደግሞም ከፊት የሚሄዱት እናታችን ይሆናሉ፤ ማንም እርሳቸውን አልፎ አይሄድም። ይህ ሁለተኛው ደንብ ለመሮጥ ለቸኮለው ልጃችን ከባድ ነበር።

መንገዱ በጥድ ዛፎች ጥላ ሥር ያልፋል። ከመንገዱም ዳር በማዕረጉ የታወቀ የጥድ ዛፍ አለ። ቺን ሺ ኋንግ ዝናብ ሲመጣበት ከሥሩ ስለ ተጠለለ፣ ውለታውን ቆጥሮ ለዛፉ የመኳንንት ማዕረግ ሰጠው ይባላል። ዛሬ በዚያ የሚታዩት ጥዶች በኋላ ዘመን የተተከሉ ናቸው። እናታችን ታሪኩ ሲተረጐምላቸው፣ «ለጥላው እንኳ ሹመት የሚሰጥ ንጉሥ ደግ ነው» ብለው ሣቁ።

በዚሁ መንገድ ላይ ቀርከሃ በትከሻቸው አጋድመው፣ በሁለቱም ጫፍ ውኃና የምግብ ዕቃ አንጠልጥለው የሚወጡ ተሸካሚዎች አገኘን። ደረጃውን በቀጥታ አይወጡትም፤ ከቀኝ ወደ ግራ፣ ከግራም ወደ ቀኝ እያገደሙ ይወጡታል። እናታችን ይህን ሲያዩ ቆም አሉና፣ «በእኛም አገር የተጫነ አህያ አቀበቱን እንዲህ ነው የሚወጣው፤ ማገደም ጉልበት ያሳርፋል» አሉ። ከዚያ በኋላ እርሳቸውም እያገደሙ መውጣት ጀመሩ፤ እኛም ተከተልን። ልጃችን በመዘግየታችን መሰልቸቱን ያዩት አያቱ፣ «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» አሉት። ልጁም ጥቂት አሰበና፣ «እማማ፣ እንቁላል እግር አለው?» ሲል ጠየቃቸው። በሁለት ወር ውስጥ በገዛ አፉ ያቀረበላቸው የመጀመሪያ ጥያቄ ይህ ነበር። እርሳቸውም እየሣቁ፣ እንቁላሉ ታቅፎ፣ ተፈልፍሎ፣ ጫጩት ሆኖ እንደሚራመድ በየደረጃው እያቆሙ አስረዱት።

ወደ ትልቁ አቀበት መነሻ ስንደርስ ለ6 ሰዓት ሩብ ጕዳይ ሆኖ ነበር። ይህ አቀበት «አሥራ ስምንቱ ጥምዝ» ይባላል። ርዝመቱ አንድ ኪሎ ሜትር እንኳ የማይሞላ ሲሆን፣ 400 ሜትር ያህል ሽቅብ ይወጣል፤ ደረጃዎቹም ከ1,600 በላይ ናቸው። ከታች ሆኖ ሲያዩት ከሰማይ የተዘረጋ መሰላል ይመስላል። በጫፉም «የሰማይ ደቡብ በር» የተባለው ቀይ ሕንፃ በሁለት ገደሎች መካከል ይታያል።

እናታችን አቀበቱን አንጋጠው ካዩ በኋላ ልጁን ጠሩትና፣ «አንተ ቍጠርልኝ፤ መቶ በሞላ ቍጥር አርፋለሁ» አሉት። ለትንሿ ልጅም በየመቶው አንድ ጠጠር አንሥታ እንድትሰጣቸው ነገሯት፤ ጠጠሩንም በነጠላቸው ጫፍ ይቋጥሩት ጀመር። ልጃችን እስከ ሃያ ድረስ በደኅና ቈጠረ። ከዚያ በኋላ ግን ሠላሳንና ስድሳን፣ ሰባንና ሰማንያን እየቀላቀለ ተቸገረ። አማርኛ የተማረ ሰው ሁሉ ይህን ችግር ያውቀዋል። አያቱ አልተቈጡትም፤ ሲሳሳት ባሉበት ደረጃ ላይ ቆመው ይጠብቁታል፤ ሲያቃናው ይራመዳሉ። አራተኛው መቶ ላይ ሲደርስ መሳሳቱን ተወ። ዘጠነኛው መቶ ላይ የእናታችን እግር መንቀጥቀጥ ስለ ጀመረ ለረጅም ጊዜ ተቀመጥን፤ እኛም ወደ ኋላ መመለስን አነሣን። በዚህ ጊዜ ልጃችን ክንዱን ሰጥቷቸው፣ «እማማ፣ ሰባት ጠጠር ብቻ ቀረ» አላቸው። እርሳቸውም ክንዱን ይዘው ተነሡ።

በደቡቡ በር ሥር ያለፍነው በ8 ሰዓት ገደማ ነበር። በነጠላው ጫፍ አሥራ ስድስት ጠጠር ተቋጥሯል። ከበሩ ውስጥ ነጋዴዎች የሻንዶንግን ስስ ቂጣ ይሸጣሉ። ይህ «ጂየንቢንግ» የተባለው ምግብ ከበቆሎና ከማሽላ ሊጥ በክብ የብረት ምጣድ ላይ ይጋገራል፤ የሽንኩርት ቅጠልና የአኩሪ አተር ማባያ ተደርጎበት ተጠቅልሎ ይበላል። እናታችን በጣታቸው ዳሰስ አድርገው፣ «እንጀራ ነው፤ ዓይን ብቻ ጐደለው» አሉ።

ከዚያም ከፍ ሲል ንፋሱ እንዳይገለብጠው ጣሪያው በነሐስና በብረት ክዳን የተሠራው የቢሽያ ቤተ መቅደስ አለ። ብዙ ሴቶች ልጅ ለማግኘት ወደዚህ መጥተው ይለምናሉ። በአቅራቢያውም የታንግ ንጉሠ ነገሥት ሽዋንዞንግ እ.ኤ.አ. በ726 በገደል ላይ ያስቀረጸው፣ ፊደሉ በወርቅ ቀለም የተቀባ ታላቅ ጽሑፍ ይታያል። በጫፉ ላይ ደግሞ አንድ ፊደል እንኳ ያልተጻፈበት ረጅም የድንጋይ ሐውልት ቆሟል። ያቆመውን ንጉሥ አንዳንዶቹ ቺን ሺ ኋንግ ነው ይላሉ፤ ሌሎች ደግሞ የሃኑ ው ዲ ነው ይላሉ።

ቁልቁለት ከአቀበት ይልቅ ጉልበትን ስለሚጐዳ፣ በ10 ሰዓት በሠረገላው ወርደን በጊዜው ባቡራችን ዘንድ ደረስን። በባቡሩ ውስጥ ልጃችን ከአያቱ አጠገብ ተቀምጦ ስለ ትምህርት ቤቱና ስለ ጓደኞቹ ማንም ሳይጠይቀው ያወራቸው ጀመር። አረፍተ ነገሩ ብዙ ስሕተት ነበረበት፤ ነገር ግን ከእኛ ማንም አላረመውም።

እንዲህ ላለው ጉዞ ለሚዘጋጁ ቤተ ሰቦች ጥቂት ምክር እንጨምራለን። በግንቦትና በጥቅምት መጀመሪያ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የቻይና ብሔራዊ በዓላት ስለሚውሉ፣ ደረጃዎቹ በሕዝብ ይጨናነቃሉ፤ ሌላ ሳምንት መምረጥ ይበጃል። ከታች ሙቀት ቢሆንም ከላይ ብርዱና ንፋሱ ብርቱ ነውና፣ ለሕፃናትና ለአረጋውያን ወፍራም ልብስ መያዝ ያስፈልጋል። መመለሻው ሰዓት ከመነሣት በፊት ይወሰን፤ ወደ ኋላ መመለስም እንደ ሽንፈት እንዳይቈጠር አስቀድሞ ስምምነት ይደረግ። ከሁሉም በላይ ግን፣ በዕድሜ የገፉት ከፊት ይሂዱ። ልጆች ከኋላቸው ሆነው ሲከተሉ ርምጃቸውን መመጠን፣ በየማረፊያውም አጠገባቸው ተቀምጦ መነጋገር ይማራሉና።