«ብርድ ነው» እና ሌሎች የወገብ ተረቶች

ኮልፌ ቀራንዮ ውስጥ ወገቡን ያመመው ሰው መካሪ አያጣም፤ «ብርድ መቶህ ነው፤ ወጌሻ ጋ ሂድና ታሽ»። አብዛኛው የወገብ ሕመም በእርግጥም በራሱ ይሽራል። ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ ወይም ጭንን ወደ ኋላ ሲዘረጉ የሚብስ ሕመም ከታከለበት ግን ሶአስ የሚባለው፣ ከአከርካሪ ተነሥቶ ጭን አጥንት ላይ የሚያርፈው ጥልቅ ጡንቻ መግል ቋጥሮ ሊሆን ይችላል።

«መግል ቢሆን ያብጥና ይቀላ ነበር» የሚለው ለብጉንጅ ይሠራል። ሶአስ ከአንጀት ኋላ ተደብቆ ስለሚገኝ ቆዳው ምንም ላያሳይ ይችላል። መግሉ በቲቢ የመጣ ሲሆን ደግሞ ሳያቃጥል ጡንቻውን ተከትሎ ይወርድና ብሽሽት ላይ እብጠት ይሆናል። «ሳል ከሌለ ቲቢ የለም» የሚሉም አሉ። እዚሁ ዘነበወርቅ ላይ እ.ኤ.አ. በ1965 የተቋቋመው የሥጋ ደዌና የቲቢ ማዕከል አለርት፣ በግቢውም ቲቢን የሚያጠናው የአርማወር ሐንሰን ምርምር ተቋም እያሉ ሰፈሩ ቲቢን የሳንባ ብቻ ማድረጉ ይገርመኛል። አከርካሪን የያዘ ቲቢ ሕክምናው ብዙ ጊዜ 12 ወር ይፈጃል።

አልትራሳውንድ ጥልቁን መግል ሊስተው ይችላል፤ ሲቲ ስካን በተሻለ ያሳያል። መግሉ በመርፌ ተቀድቶ ጀርሙን ለሚለየው ካልቸርና ቲቢን ለሚፈልገው ጂን ኤክስፐርት ይላካል። ቀድሞ ከፋርማሲ አንቲባዮቲክ ገዝቶ የዋጠ ሰው ካልቸሩን ባዶ ሊያደርገው ይችላል።

ከሁሉም የሚከፋው «መግሉ ከወጣ አለቀ» የሚለው ነው። ቱቦ ገብቶ መግሉን ማፍሰስና ለሳምንታት አንቲባዮቲክ መውሰድ ብዙውን ሰው ያድናል። ሰው ሠራሽ የደም ቧንቧ (ግራፍት) ያለው ታማሚ ግን የተለየ ነው። ሆድ ውስጥ በትልቁ የደም ቧንቧ ምትክ የተተከለ ግራፍት ከሶአስ ጎን ስለሚያልፍ፣ እዚያ የተገኘ መግል ግራፍቱን ያስጠረጥራል። ጀርሞች በግራፍቱ ላይ ሽፋን ሠርተው ይጣበቃሉ፤ መድኃኒት በቀላሉ አይደርስባቸውም፤ መግሉ ቢፈስም ይመለሳል። ስለዚህ ሐኪሞች ብዙ ጊዜ ግራፍቱን አውጥተው በታማሚው በራሱ ደም ሥር ይተካሉ። ቀዶ ሕክምናውን የማይችል ሰው አንቲባዮቲኩን ምናልባትም ዕድሜ ልኩን ይወስዳል። ክንድ ላይ ለኩላሊት እጥበት የተተከለ ግራፍትም ቢመረዝ ጀርሙ በደም ተጉዞ ሶአስ ላይ ሊያርፍ ይችላል።

ግራፍት አጠገብ ያለ እብጠት መግል ሳይሆን ደም ሊሆንም ይችላልና ምስል ሳይታይ መርፌ አይገባበትም። ክንድ ላይ ካለው የእጥበት ግራፍት ጥቂት ደም እንኳ ቢያፈተልክ ቀጣዩን የእጥበት ቀጠሮ ሳይጠብቁ ድንገተኛ ክፍል መሄድ ነው።