ቦሎኛ ለሚመጣ እንግዳ

ጣሊያንን ልጎብኝ ብሎ የሚመጣ ያገሬ ሰው ሮም፣ ፍሎረንስ፣ ቬኒስ ብሎ ነው የሚነሳው። ቦሎኛን የሚያውቃት ባቡር ሲቀይር ነው። አልፈርድበትም፤ ኤሚሊያ ሮማኛ የሚባለው የኛ ክልል ከውጭ ሲያዩት ጡብ፣ ሜዳና የክረምት ጉም ነው። ያለውን ሁሉ ጓዳ አስገብቶታል።

እኔ ቤት ያረፈን እንግዳ መጀመሪያ የምወስደው ራቬና ነው፤ በባቡር ከአንድ ሰዓት ትንሽ ቢበልጥ ነው። ሳን ቪታሌ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ስንደርስ «ለዚህ ነው በማለዳ የቀሰቀስሽኝ?» ያላለኝ የለም። እ.ኤ.አ. በ547 የተባረከ፣ ባለ ስምንት ማዕዘን፣ ጌጥ የሌለው የጡብ ሕንፃ ነው። ገብቶ ወደ መቅደሱ ቀና ሲል ግን ወቀሳው ይቀራል። ግድግዳው በጥቃቅን የብርጭቆና የድንጋይ ጠጠሮች ተሥሏል። ወርቃማዎቹ ጠጠሮች ስስ ወርቅ በብርጭቆ መካከል ገብቶባቸው የተሠሩ ናቸው። ባለሙያዎቹ አንዱን ወደዚህ፣ አንዱን ወደዚያ ዘንበል አድርገው ስለተከሏቸው አንድ እርምጃ ፈቀቅ ባላችሁ ቁጥር ብርሃኑም ቦታ ይቀይራል። ፎቶ ይህን አያሳይም።

ለኛ ሰው ደግሞ አስጎብኚ አያስፈልገውም። አቤል በጉን፣ መልከ ጼዴቅ ኅብስቱን ይዘው ከአንድ መሠዊያ ግራና ቀኝ ቆመዋል። ፊት ለፊት አብርሃም ሦስቱን እንግዶች ከዛፍ ሥር ያስተናግዳል፤ ሣራ ከደጃፉ ቆማ ታዳምጣለች። አክስቴ አጠገቧ ለቆሙት ቱሪስቶች በአማርኛ ማስረዳት ሁሉ ቃጥቷት ነበር።

ከነሱ ዝቅ ብሎ ንጉሠ ነገሥት ዮስጢንያኖስ ከነአጃቢዎቹ ይታያል፤ ማዶ ባለቤቱ ንግሥት ቴዎዶራ አለች፣ በካባዋ ጫፍ ላይ ሰብአ ሰገል ተጠልፈዋል። ዮስጢንያኖስ የአፄ ካሌብ ዘመነኛ ነበር። ታሪክ ጸሐፊው ፕሮኮፒዮስ እንደሚለው፣ ዩሊያኖስ የሚባል መልእክተኛ አክሱም ልኮ «ሐሩን ከህንዶች እየገዛችሁ ለኛ ሽጡልን፣ እናንተም ታተርፋላችሁ፣ የኛም ገንዘብ ለጠላታችን ለፋርስ አይገባም» ሲል ጠይቋል። አልሆነም፤ የፋርስ ነጋዴዎች ወደቡ ላይ ቀድመው ጭነቱን ጠቅልለው ይገዙ ነበር። አክሱም ጉዳይ የነበረው ሰው ፊት ይኸውላችሁ።

ከዚያው ግቢ የጋላ ፕላቺዲያ መቃብር የሚባለው ትንሽ ቤት አለ፤ ጣሪያው ከዋክብት የተዘሩበት ጥልቅ ሰማያዊ ነው። በመስኮቶቹ ብርሃኑን የሚያሳልፉት ስስ የአልባስጥሮስ ድንጋዮች ንጉሥ ቪክቶር ኢማኑኤል 3ኛ የሰጣቸው ናቸው፤ ያው ኋላ «የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት» ነኝ ያለው። መስኮቱን ግን አልጠላበትም።

ቦሎኛ ስትመለሱ ዝናብ ቢጥል ጃንጥላ አትግዙ። የከተማዋ ባለ ቅስት የእግረኛ መተላለፊያዎች ጠቅላላ ርዝመት 62 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። ዩኒቨርሲቲው ሰው ሲያበዛባት ነዋሪው የፎቁን ክፍል ወደ መንገዱ እየገፋ ሥሩን በምሰሶ ደገፈው፣ መተላለፊያው የተገኘው በዚህ ነው። ከሁሉ ረጅሙ 666 ቅስቶች ያሉት፣ ኮረብታው ላይ ወዳለው ሳን ሉካ የሚወጣው ነው። እዚያ ያለችውን ሥዕለ ማርያም ወንጌላዊው ሉቃስ ሣላት ይላሉ፤ እኛም ቤት ያለ ትውፊት ነውና እንግዶቼ ሽቅቡን ሳያማርሩ ይወጡታል።

ምግቡን ያወቅሁት አስታምማቸው በነበሩ አንዲት ሲኞራ ኩሽና ነው። ለ100 ግራም ዱቄት 1 እንቁላል፤ ውኃ የለ፣ ጨው የለ። ሊጡ ታሽቶ ካረፈ በኋላ በእንጨት ገበታ ላይ፣ ከክንድ በሚረዝም መዳመጫ ይዳመጣል። እብነ በረድ አይሆንም፤ የእንጨቱ ሻካራነት ሊጡን ሻከር ስለሚያደርገው ነው ስጎው የሚይዘው። ሲኞራ የዳመጡትን ወደ መስኮቱ አንስተው «ሳን ሉካ ካልታየበት ገና ነው» ይሉኛል። ከኩሽናቸው ሳን ሉካ አይታይም፤ የቦሎኛ ሴት ሁሉ ግን እንዲያ ነው የምትለው። ተጠቅልሎ ሲቆረጥ ታሊያቴሌ ይሆናል። ስፋቱ ሲበስል 8 ሚሊ ሜትር እንዲሆን እ.ኤ.አ. በ1972 በከተማዋ ንግድ ምክር ቤት ተመዝግቧል፤ ናሙናውም ከወርቅ ተሠርቶ ተቀምጧል። የሥጋ ስጎው የሚቀርበው በዚህ ነው። እስፓጌቲ ቦሎኔዝ ስጡን ብላችሁ አታሳፍሩኝ።

አሁን ወደ ዋናው ጭንቀታችን። እዚህ አገር አሳማ የማይገባበት የለም። ቶርቴሊኒ ውስጡ አሳማ ነው፤ የሥጋ ስጎው ብዙ ጊዜ አለበት፤ የሮማኛው ቂጣ ፒያዲና እንኳ በጥንቱ አሠራር በአሳማ ስብ ነው የሚለወሰው። «ሴንሳ ማያሌ»፣ ያለ አሳማ፣ በሉ፣ ይገባቸዋል፤ ፒያዲናውን በወይራ ዘይት የሚሠሩም አሉ። በፍስክ ቀን ከቶርቴሊኒ ይልቅ አይብ የተሞላውን ቶርቴሎኒ፣ ፌራራ ከሄዳችሁ ደግሞ ዱባ የተሞላውን ካፔላቺ እዘዙ። በጾም ስትሮዛፕሬቲ አለላችሁ፤ በዱቄትና በውኃ ብቻ ነው የሚሠራው፣ ግን እንቁላል የሚጨምር ስለማይጠፋ ጠይቁ። ስጎው ቲማቲም ይሁን፣ አይቡንም ሳይነሰንሱ ቀድማችሁ ከልክሉ፤ እጃቸው ፈጣን ነው።

አይቡ ፓርሚጃኖ ሬጃኖ ነው። 40 ኪሎ ግድም ለሚመዝነው አንድ ክብ 550 ሊትር ያህል ወተት ይፈሳል፤ ከ12 ወር በታች አይሸጥም። መርማሪው ሳይቆርጠው በትንሽ መዶሻ ዙሪያውን እየመታ ጆሮውን ይሰጣል፤ ውስጡ የተሰነጠቀ ወይም አየር የያዘ ከሆነ ድምፁ ያጋልጠዋል። ፓርማና ሬጆ አካባቢ ብዙዎቹ አይብ ቤቶች ጎብኚ ይቀበላሉ። ሥራው በጠዋት ስለሆነ ግን ቁርሳችሁን ከዚያ በኋላ ብሉ፤ አርፍዶ የመጣ የሚያገኘው የታጠበ የመዳብ ጋን ነው።